የኅዳግ ትንኞች

ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ከሕፃንነትህ ጀምሮ «ጠያቂው» ለምንልህ፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ ሙሉ፣ ቤትህ ሰላም፣ ባለቤትህም እንደ ልማዷ ሳቂታ ሆና ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል። አባትህም ደህና ነው። ሬዲዮውን ከፍቶ ይተኛል፤ ስዘጋው ይነቃና «እየሰማሁ ነበር እኮ» ይለኛል።

«በስልክ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ የተባለ ነገር ተመልሶ አይነበብም፤ ተመልሶ ያልተነበበ ደግሞ አይታረምም። ስለዚህ ታገሰኝ፣ ጉዳዩን በቅደም ተከተል ላስረዳህ።

መጀመሪያ፣ ነጥቦቼን ታስታውሳለህ። ድርሰት ሳርም በተሳሳተው ቃል ላይ አላሰምርም ነበር። በመስመሩ ትይዩ፣ በኅዳጉ ላይ፣ ስህተቱ ስንት እንደሆነ በቀይ ነጥብ ብቻ እነግራችኋለሁ። አንድ ነጥብ አንድ ስህተት ነው። የት እንዳለ የሚፈልገው ባለ ደብተሩ ነው። ተማሪዎቼ ነጥቦቹን «ትንኝ» አሏቸው፤ እየቆዩ እኔኑ «እትዬ ትንኝ» አሉኝ። አንተም ከኋላ ወንበር ሆነህ ትለኝ ነበር። ያልሰማሁ መስሎህ ከሆነ ዛሬ ልንገርህ፤ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ክፍል የሚመራው ልጅ ተማሪዬ ነበር። በጎኑ ከቆመ አይታይም፤ ስለዚህ ሁሉም «ቀጭኑ» ይለዋል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያንኑ ነጥብ በኮምፒውተር ሠራው። ልጁ ድርሰቱን ይጽፋል፣ በመስመሩ ዳር ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ፣ ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ሲያርም አንዷ ነጥብ ትጠፋለች። ልጆቹ «በረረች!» ብለው ይጮኻሉ። ፕሮግራሙን «ትንኝ» ብሎ ሰየመው፣ ለፈለገ ሁሉ ሰጠው። እዚህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ይማሩበታል። በማናውቃቸው አገሮችም የሚጠቀሙበት አሉ።

ሦስተኛውና ዋናው ይኸውልህ። ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። የላከው አንተ የምትሠራበት ኩባንያ ነው። በመስመር ዳር የስህተትን ብዛት በምልክት ማሳየት የእነሱ ፓተንት ነው ይላል፤ ፈጠራው የእነሱ ስለመሆኑ በመንግሥት መዝገብ የተጻፈላቸው ማለት ነው። እስከ መጋቢት 30 ድረስ «ትንኝ»ን አጥፉ፣ አለዚያ በየተማሪው በየዓመቱ ክፈሉ ይላል።

ርዕሰ መምህሯ ደብዳቤውን እንደያዘች ቤቴ መጣች።

«እትዬ፣ ነጥብ ባለቤት አለው እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ የማውቀው ዓረፍተ ነገር ባለቤት እንዳለው ነው» አልኳት።

አልሳቀችም።

ስህተት መሆን አለበት ብያለሁ። የትኛው ክፍል እንደጻፈው ጠይቅልኝ። የምናናግረውን ሰው ስም ብቻ ብትልክልን ሌላውን እኛ እንጽፋለን።

የሄድክበት ሁሉ ይቅናህ።

አክስትህ


ኅዳር 14

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእትዬ፤

ካለሁበት ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሚያኮርፈውን ጉልበት ሁለት ጊዜ ስሜዋለሁ፣ ምናልባት ይታረቅ እንደሆነ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ባለቤቴም እጅ ትነሳለች፤ እውነትዎን ነው፣ እየሳቀች ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ይቀበሉኛል? ጽሑፌን እየጀመርኩ እተወው ነበር።

የጠየቁኝን በተመለከተ፣ የምንሠራበት ሕንጻ አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ነው። እኔ አራተኛው ላይ ነኝ፣ የሕግ ክፍሉ አሥራ ሰባተኛው ላይ ነው። የምንገናኘው ሊፍት ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያየው የራሱን ጫማ ነው። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በሺህ የሚቆጠሩ ይወጣሉ። የሚጽፋቸው ሰው ትምህርት ቤታችንን አይቶ አያውቅም፣ ክፋትም የለበትም።

ምክሬን ልንገርዎት። ክርክር ውስጥ አይግቡ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ቀጭኑ ብልህ ልጅ ስለሆነ ምልክቱን ይቀይረው፤ በነጥብ ፋንታ ቁጥር ያድርገው፣ ወይም መስመሩን ቀለም ይቀባው። እሱም ካልሆነ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ እኔ እችላለሁ። ከዚህ ጋር በባንክ ልኬያለሁ። ግማሹ ለጉልበትዎ ሐኪም ነው፣ ግማሹ ለፈቃዱ።

የአባቴን ሬዲዮ እንዳይዘጉበት። ተኝቶም ይሰማል።

ልጅዎ ጠያቂው


ታኅሣሥ 2

ይድረስ ለጠያቂው፤

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ አንተንም ካሰብከው በላይ ያስብልህ። ለጉልበቴ የላክኸውን ተቀብያለሁ። ሐኪሙ አይቶ «ዕድሜ ነው» አለኝ። «ቀኙና ግራው እኩል ቀን ተወልደዋል፣ ለምን አንዱ ብቻ ያመዋል?» ብዬ ብጠይቀው ተናደደ። ለፈቃዱ የላክኸውን ግን በመጣበት መንገድ መልሼዋለሁ። እንዳትቀየመኝ። ምክንያቱን እጽፋለሁ።

ተረቱን በትክክል ጠቅሰሃል፣ ግን ያለ ቦታው ነው። ቀጭኑ ሲሰማ «እትዬ፣ ሰማዩ አይታረስም፣ እሺ። እነሱ ግን እኮ ሰማዩን አጥር ሊያጥሩት ነው» አለ። ይህን የመሰለ መልስ አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ ቢመልስልኝ ኖሮ ክፍል አይደግምም ነበር።

ምልክቱን ቀይሩ ላልከው፣ ሞክረናል። በቁጥር አደረገው፤ ፓተንቱ ቁጥርንም ይከለክላል። በቀለም አደረገው፤ ቀለምም አለበት።

«እትዬ፣ በድምፅ ላድርገው?» አለኝ።

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ጥዝዝ የሚል።»

«አርባ ልጅ ባለበት ክፍል?»

ደግነቱ ድምፅም ተከልክሏል። ገጽ ሃያ ሁለት ላይ አለ።

ስለ ክፍያው ደግሞ አንድ የሰዋስው ነገር ላንሳ። «ትንኝ በነጻ ነው» ብዬ ብናገር ቀጭኑ ተቆጣኝ። «በነጻ አይበሉ፣ ነጻ ይበሉ» አለኝ። እኔን በቋንቋ ማረሙ ነው! አስቀምጬ አስረዳኝ አልኩት። በ«በ» የጀመረው የዋጋ ነገር ነው፤ ዛሬ በነጻ የሰጠህ ነገ ያስከፍልሃል። «በ» ስትወጣለት ግን ነጻ የሆነው ነገሩና ባለቤቱ ነው። ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ ይጠግነዋል፣ ለሌላ ያስተላልፈዋል፤ የተቀበለውም እንዲሁ ያደርጋል። ራሱን «ባቡር ነጂ» ብሎ የሚጠራ የማናውቀው ሰው አለ። ዓይናቸው ለደከመ ልጆች ነጥቦቹን አጉልቶ ላከልን። ማን ነህ ብለን ስንጽፍለት «ባቡር ነጂ ነኝ አልኳችሁ እኮ» አለ። እውነትም ባቡር ነጂ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሠራው ነገር ላይ አንተ ለኩባንያህ ብትከፍልልን፣ ያልሠራውን ሰው ባለቤት ማድረጋችን ነው። ገንዘቡን የመለስኩት ለዚህ ነው።

ፓተንቱን ቀጭኑ አተመልኝ፣ አርባ አንድ ገጽ ነው። በማስመሪያ እየተከተልኩ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። «በአንድ መስመር የሚታዩት ምልክቶች ከአምስት አይበልጡም፤ ይህም ልክ በሰፊ ጥናት የተደረሰበት ነው» ይላል። ሰፊውን ጥናት እኔ አውቀዋለሁ። የደብተሩ ኅዳግ ሁለት ጣት ነው፤ በእኔ እስክሪብቶ ከአምስት ነጥብ በላይ አይዝም። ስድስተኛው ቀዩን መስመር ተሻግሮ ከልጁ ጽሑፍ ላይ ያርፋል። በልጅ ጽሑፍ ላይ ደግሞ አልጽፍም። ጥናቱ ይኸው ነው፤ ስፋቱም ሁለት ጣት።

የመጀመሪያውን ገጽ ግን አላነበብኩትም። ቀለሙ ደብዝዞ ነበር።

አንዲት ጠበቃ አነጋገርን፤ እሷም ተማሪያችን ነበረች። በነጥብ ያረምኳቸውን የድሮ ደብተሮች አሳየኋት። «ወረቀት አይበቃም» አለች። «በኮምፒውተር ስናደርገው አዲስ ሆነ ይላሉ። ማመልከቻቸው የገባው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ሰው ይህንኑ በኮምፒውተር ሠርቶ ለሰው ሰጥቶ ከሆነ ፓተንቱ ይወድቃል። ግን ቀን ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ነገር አምጡልኝ። ‹ትዝ ይለኛል› አይበቃም።»

ይህን ነው ያለችው። ሌላ ወሬ የለኝም። ጣሪያው በዝናቡ ትንሽ አፍስሷል፣ ሠራተኛ ጠርቻለሁ።

ደህና ሁንልኝ፤ ለባለቤትህ ሰላምታ ስጥልኝ።

አክስትህ


ጥር 25

ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን፣ የአባቴን ጤና፣ የጣሪያውን ጤና ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

በጣም ዘገየሁ። ይቅርታ ብዬ አልጨርሰውም።

ስለ ሁለቱ ጣት የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ። እኔ ሄጄ ሳህን አጠብኩ።

እዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎት። በዓመት ሁለት ጊዜ «የሐሳብ ሳምንት» የሚባል አለ። እያንዳንዱ መሐንዲስ ሐሳብ ያዋጣል። ሐሳቡን ሰው ፈልጎት አይደለም፤ አብዛኛው ሥራ ላይ አይውልም። ሌላው ኩባንያ እንዳይገባ በአጥር ላይ እንደሚጎነጎን እሾህ ነው። ሐሳቡ ከተመዘገበ ትንሽ መስታወት ይሰጣል፣ ስም ተቀርጾበት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም። አንዳንዱ ሰው አሥር አለው። እኔ ሁለት አለኝ።

ለወረቀት ማስያዣ ጥሩ ነው።

ባለፈው ወር የክፍል አለቃ አደረጉኝ። ቤቱንም ገዝተን ገባን፤ ዕዳው የሃያ አምስት ዓመት ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ቢያዩት ይወዱታል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከመያዜ በፊት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ነጥብዎን በኮምፒውተር ሠርቼ በሲዲ ልኬልዎት ነበር። ከደብዳቤ ጋር። እርስዎም ለሦስት ትምህርት ቤት አባዝተው እንደሰጡት ጽፈውልኝ ነበር። እነዚያ ማሽኖች መጣላቸውን አውቃለሁ። የእኔ ቅጂም የለም። ሲዲው እርስዎ ጋ አለ? ለምንም አይደለም፤ ትዝ ብሎኝ ነው።

ልጅዎ


የካቲት 11

ለልጄ ለጠያቂው፤

እንኳን ለሹመትህ አበቃህ! አባትህ ሲሰማ ሬዲዮውን በፈቃዱ ዘጋ፤ ይህን የመሰለ ክብር ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ቤቱም የጤናና የሳቅ ይሁንላችሁ። የመስኮቱን ፎቶ ላክልኝ። ከውስጥ ወደ ውጭ አንሳው፣ የምታየውን ማየት እፈልጋለሁ።

ስለ ሲዲው ጠይቀሃል። ጣሪያው ያፈሰሰው በሣጥኑ በኩል ነው። ብዙ ወረቀት ተበላሽቷል።

የዚህ ወሬ ይኸውልህ። ዛሬ ጠዋት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄጄ ነበር። ክፍሉን ታውቀዋለህ፣ የድሮው የዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ አሁን ሃያ ሁለት ማሽን አለው፣ ግማሹ ከቢሮዎች የተጣለ፣ ቀጭኑ የጠገነው። ጀርባው ተከፍቶ በሽቦ የታሰረም አለ። ቀጭኑ በሰሌዳው ላይ እስከ መጋቢት 30 የቀረውን ቀን ይቆጥራል፤ «አርባ ዘጠኝ» ብሎ ጽፏል።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጠጋ አለችኝ።

«እትዬ፣ ትንኝን ማን ገዛት?»

«ገና አልተሸጠችም።»

«ታዲያ ለምን ትጠፋለች?»

ጥያቄውን ትቼ የጻፈችውን አየሁላት። መስመር አራት ላይ ሁለት ነጥብ ነበር፤ አንዱን አገኘች። ሁለተኛውን እኔም በዓይኔ አይቼው ዝም አልኩ። ደወሉ እስኪደወል ፈለገችና አገኘችው። ሰው ስህተቱን ራሱ ሲያገኘው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ረስቼው ነበር።

የወላጆች ስብሰባ ተደርጎ ነበር። በየልጁ ይከፈል የሚለውን ግማሹ አይችልም፤ የሚችለውም አልፈለገም። የትምህርት ቢሮው ደግሞ የኩባንያህን አዳዲስ ማሽኖች ሊገዛ ነው ይባላል። ማሽኑ በርካሽ ነው፤ ነገር ግን የራሱን ፕሮግራም እንጂ የሌላ አይቀበልም፣ የፕሮግራሙም ኪራይ በየዓመቱ ነው። ቀጭኑ «ጫማውን በርካሽ ሸጠው እግርህን ያከራዩሃል ማለት ነው» አለ። ርዕሰ መምህሯ በዚህኛው ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች።

ጠበቃዋ ሌላ መንገድ የለም ብላለች። እኛ ግን እስከ መጋቢት 30 እንጠብቃለን፣ ምናልባት ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል።

አንተ ምንም እንዳታደርግ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጠይቅልኝ ያልኩህን ትቼዋለሁ። ማንንም አታናግር። ሥራህን ያዝ፣ ቤትህን ያዝ፣ ሚስትህን ያዝ። የድሮዎቹ ልጆች ከእኔ በወረቀት ተምረው አድገዋል፤ እነዚህም አይሞቱም።

የክረምት ካፖርት አለህ? አለኝ ካልክ ቁልፎቹ ሙሉ መሆናቸውን አይተህ ጻፍልኝ።

አክስትህ


የካቲት 24

በፈጣን መልእክት የተላከ

እናቴም አስተማሪዬም ለሆኑት ለእትዬ፤

ጤናና ሰላም እመኝልዎታለሁ። ከዚህ በላይ መግቢያ ብጽፍ ድፍረቴ ይከዳኛል።

ካፖርት አለኝ። አንድ ቁልፍ ጎድሎታል።

የመጀመሪያውን ገጽ አንብበዋል። የመጽሐፍን ጀርባ ሳያነቡ መጽሐፉን የማይከፍቱ ሴት፣ አርባውን ገጽ በማስመሪያ አንብበው አንደኛውን አይዘሉም። «የፈጠራው ባለቤት» ከሚለው ሥር የማን ስም እንዳለ ያውቃሉ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ያውቃሉ፣ አንድ ቃል አልነገሩኝም። እኔም ጥቅምት ላይ ደብዳቤዎን ስከፍት አውቄያለሁ፤ እኔም አልተናገርኩም። ከእንግዲህ አልችልም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሥራ ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በሐሳብ ሳምንት ሁሉም ተራ በተራ ተናገረ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ባዶ ነበርኩ። ተነሥቼ ሰሌዳው ላይ መስመሮች አሰመርኩ፣ በዳሩ ነጥቦች አደረግሁ። አንዱ «ድንቅ ነው!» አለ። እትዬ፣ ደስ አለኝ። በዚያ ክፍል ማንም ስሜን በትክክል ጠርቶት አያውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ሁሉም ሊጠራው ሞከረ።

ከዚያ የሕግ ክፍሉ ሰው ከአሥራ ሰባተኛው ወረደ። «ለምን አምስት?» አለኝ። «በጥናት ነው» አልኩ። ከዚያ ከወረቀት ላይ እያነበበ «ይህ ነገር ከዚህ በፊት በማንም እጅ ገብቶ ያውቃል?» አለኝ።

«አያውቅም» አልኩ።

አንድ ቃል ናት። እርስዎ እኔን ሲያስተምሩ የነበሩት ዓመታት፣ ሲዲው፣ ሦስቱ ትምህርት ቤቶች፣ ሁሉም በዚያች ቃል ተሰረዙ። ለራሴ፣ ወረቀት ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ተኛ። ትምህርት ቤቶችን ገበያ ብለው ሲነሡ ከመሳቢያው አወጡት።

ደብዳቤዎ «ምንም እንዳታደርግ» ይላል። አነበብኩትና ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። የነገርኳት ሲመስለኝ እሷ ታውቅ ኖሯል፤ መስታወቱን ስትወለውል የተቀረጸበትን የሐሳቡን ስምና ቀኑን አይታለች። «አክስትህ የሚጠብቁህ ይመስለኛል» አለችኝ። «የለም፣ ተው ብለውኛል» አልኳት። «እሱን ነው የምልህ» አለች።

ትናንት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ሰጠሁት። በፊርማዬ ነው። ፕሮግራሙን መጀመሪያ የሠራሁት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የአክስቴን ዘዴ ወስጄ መሆኑን፣ «ለፈለጉት ሁሉ አባዝተው ይስጡ» ብዬ መላኬን፣ በሦስት ትምህርት ቤት መግባቱን፣ ስጠየቅም መዋሸቴን ጽፌያለሁ።

አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጥሩ ሰው ነው። «ይህን ወረቀት አላየሁትም ልበልህ?» አለኝ።

«አይበሉ» አልኩት።

«አንድ ትምህርት ቤት እኮ ነው።»

«እኔ የተማርኩበት ነው።»

ውሳኔ እስኪሰጥ ቤት ዋል ተባልኩ። መታወቂያዬን በር ላይ ተቀበሉኝ።

ለጠበቃዋ ሁለተኛውን ቅጂ ይስጡልኝ። ሲዲው በስብሶ ከሆነ ቃሌ ብቻውን ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። ባይበቃም የምችለው ይህን ነው። ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ዋሸሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ ለማለት ቸኩያለሁ፣ ግን አልቸኩልም። ሲፈልጉ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ፣ ከሆንኩ


መጋቢት 19

ለልጄ ለጠያቂው፤

ሁልጊዜም ልጄ ነህ። «ከሆንኩ» የምትለዋ ቃል በዚህ ቤት አትሠራም፤ ሰርዣታለሁ። ፈጣሪ ልብህን ያሳርፍልህ፤ የጎደለችውን የካፖርት ቁልፍም ይሙላልህ፣ እኔ ልኬያለሁና። አራት ቀዳዳ ያለው ጥቁር ነው።

መጀመሪያ የምትጠብቀውን ልንገርህ። ጠበቃዋ የአንተን ወረቀት፣ ሲዲውንና ከሲዲው ጋር የጻፍክልኝን ደብዳቤ ፖስታው ላይ ካለው ማኅተም ጋር ለኩባንያህ ላከች። በአሥራ አንድ ቀን መልስ መጣ። አራት መስመር ነው። ጉዳዩን መቀጠል አንፈልግም፣ በዚህ ፓተንት ማንንም አንጠይቅም ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ርዕሰ መምህሯ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነበር፤ «ሰዋስዉ ደካማ ነው፣ ልጆች እንዳያዩት» ብዬ አስተውኳት። ቢሮው ማሽኖቹን ይግዛ አይግዛ ገና አልታወቀም። እሱ ሌላ ትግል ነው፣ ሌላም ሰው ይታገለዋል። «ትንኝ» ግን አለች። ቀጭኑ ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ በእጁ መዳፍ ጠረገው፣ ቀኑን ሙሉ መዳፉ ነጭ ሆኖ ዋለ።

እሱም መልእክት አለው፤ በራሱ ቃል እጽፈዋለሁ፦ «ጠያቂው ቤት ከዋለ በትንኝ ላይ ያልተጠገኑ አሥራ ዘጠኝ ጉድለቶች አሉ። ደመወዝ የለም፣ አለቃ የለም፣ ባቡር ነጂው ግን ቁጡ ነው።» አንተን የሚያሳፍር ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ያንን አንደኛ ገጽ ያተመው እሱ ነበር፤ አይቶታል፣ ለማንም አልነገረም።

አባትህ ሁሉንም አወቀ። «አለቃውን ‹አይበሉ› አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩት። «በአንቱታ ነው ያለው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ደግ» አለና ተኛ።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ከላይ ሲዲውን ላከች ስል እንዳስተዋልክ እገምታለሁ። በየካቲቱ ደብዳቤዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፌልህ ነበር። ጣሪያው በሣጥኑ በኩል አፍስሷል፤ እውነት ነው። ብዙ ወረቀት ተበላሽቷል፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ሲዲውም ተበላሽቷል ብለህ እንድታስብ ነው። በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ተማሪ ጥያለሁ። ሲዲው በሣጥኑ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ከደብዳቤህ ጋር በመዝገበ ቃላቴ መሃል ነበር፤ ፓተንቱን ባነበብኩ ቁጥር እጄ ይነካው ነበር።

ጠበቃዋ ታኅሣሥ ላይ «ከዚያ ቀን በፊት በኮምፒውተር የተሠራ ቅጂ የለም?» ብላ በግልጽ ጠይቃኛለች። «የለም» አልኳት። ለአንተም ለእኔም አንድ አንድ ቃል ደርሶናል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሲዲውን በቦርሳዬ ይዤ እስከ ቢሮዋ ደረጃ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጉልበቴን አመካኝቼ ተመለስኩ። ሲዲው ከወጣ ስምህ አብሮ ይወጣል። ዋሽቷል የሚሉህ እነሱ እንጂ አንተ ራስህ አትሆንም ነበር፣ ያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ራስህ ትመጣለህ ብዬ ጠበቅሁ እንዳልል፣ ያም ሙሉ እውነት አይደለም። ባለቤትህ ከሆንኩት የተሻልኩ አድርጋ አይታኛለች። አትመጣም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አትምጣ ብዬም ጽፌልሃለሁ።

ስለዚህ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ከሆነ እኩል ነን። እኔ ግን የምነግርህ አንድ ነገር ይቀራል፤ ዞሬ ዞሬ የጻፍኩት ለእሱ ነው። የካቲት 24 ባትጽፍልኝ ኖሮ መጋቢት 30 ይደርስ፣ ቀጭኑ ማሽኖቹን ያጠፋ፣ ያቺ ልጅ ለምን ትለኝ፣ እኔም ዝም እል ነበር። ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን በአንድ በኩል፣ አንተን በሌላ በኩል አድርጌ ደጋግሜ መዝኛለሁ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንተ በለጥክብኝ።

የስሌት ስህተት ነው። የት እንዳለም አውቃለሁ። አላርመውም።

አክስትህ